ላፕቶፕ ስትሰጡን ኪቦርዱንም ጨምሩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ከደሴ ብርድ ተነሥቼ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወረድኩ፣ ማታ ያንኑ ዳገት ተመልሼ እየወጣሁ፣ በመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና ሪፖርት ስጽፍ 17 ዓመት ሆኖኛል። አንገቴንና ቀኝ ትከሻዬን የያዘኝ ሕመም ደግሞ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ደብዳቤዬ በዋናነት የሚመለከተው የመሥሪያ ቤቶችን የዕቃ ግዥ ዝርዝር የሚያዘጋጁትን ሰዎች ስለሆነ፣ ጋዜጣችሁ እንዲያደርስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ቀድሞ በየጠረጴዛችን ላይ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነበር። እሱ ሲያረጅ ላፕቶፕ ታደለን፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ የማይቋረጥ በመሆኑ ሁላችንም ደስ አለን፣ እኔም አብሬ አጨብጭቤያለሁ። ችግሩን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። የላፕቶፕ ስክሪንና ኪቦርድ በማጠፊያ የተያያዙ ስለሆኑ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለሰውነት በሚስማማ ቦታ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ኪቦርዱ ለክንድ ሲመች ስክሪኑ ዝቅ ይልና አንገት ይጎብጣል፣ ስክሪኑ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ክንድ ተሰቅሎ ይውላል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከደረቱ አስጠግቶ የያዘ ሰውና ክንዱን ዘርግቶ የያዘ ሰው እኩል እንደማይደክማቸው ማንም ያውቃል፤ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ሰው ጡንቻ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው የሁለተኛውን ሰው ሥራ ነው። ጤነኛ ሰው ሌሊት ተኝቶ ይረሳው ይሆናል። ሕመም ለከረመበት ሰው ግን አንድ ከሰዓት እንዲህ ከዋለ የሚከተሉትን ሁለት ቀኖች ያስከፍለዋል።

ራጅ ተነሥቼ ውጤቱ «ምንም የለም» የሚል ሆኖ ሲመጣ፣ ያኔ የቅርብ ኃላፊዬ የነበረው ሰው «ታዲያ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሰበረ ነገር ካልታየ የሚያም ነገር የለም ብሎ በቅንነት የሚያምን ሰው ነበር። ሐኪሙ የነገረኝ ሌላ ነው፦ ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ መጀመሪያ ያስነሣው ጉዳት ቢድንም እንኳ የነርቭ ሥርዓቱ በትንሹም በትልቁም መጮኽ የለመደ ደወል ሆኖ ሊቀር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ሥር የሰደደ ሕመምን ራሱን ችሎ የሚመዘገብ የጤና ችግር አድርጎታል። እጅ ለደነዘዘበት ወይም ጉልበት ለከዳው ሰው ግን ይህ ጽሑፍ አይበቃውም፤ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች የራሳችን ችግር አለን፤ ይህ ሲነገር ሰምቼ ስለማላውቅ ጥቂት ላብራራው። የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ቁልፎች እየመታን በምንጽፍበት አጻጻፍ ከሳድሱ በስተቀር አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መጫንን ይጠይቃል፤ አምስት ፊደል ያላት «ኮምቦልቻ» ስምንት ጊዜ ታስመታናለች። ጠ፣ ጨ እና ኘን የመሰሉት ደግሞ በብዙዎቹ አጻጻፎች በትንሿ ጣት ሺፍትን ይዞ ሌላውን በሌላ ጣት መምታት ይፈልጋሉ። እንግዲህ «ጠቅላላ ጉባኤ»ን በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፍ አስቡት። ዊንዶውስ ውስጥ ስቲኪ ኪይስ የሚባል አሠራር እንዳለ ያሳየኝ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ልጅ ነው፤ ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲመቱት ይከፈት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከተከፈተ በኋላ ሺፍትን ነካ አድርጎ መልቀቅና ቀጥሎ ፊደሉን መምታት ይበቃል። ለዓመታት ያ መጠይቅ በስሕተት በመጣብኝ ቁጥር እየተበሳጨሁ ስዘጋው ኖሬያለሁ።

ሌላው የፊደሉ ደቃቅነት ነው። ኒያላ የሚባለው የኮምፒውተር የፊደል ቅርጽ (ፎንት) በ12 መጠን ሲጻፍ ከእንግሊዝኛው አጠገብ እጅግ ያንሳል፤ ሉ ይሁን ሊ ለመለየት ሰው ሳያውቀው ወደ ስክሪኑ ይሳባል፣ አንገትም አብሮ ይሄዳል። በወረቀት ላይ የሚወጣውን መጠን ሳይነኩ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ብቻ ማጉላት ይቻላል፤ ኮንትሮልን ይዞ የማውሱን መሽከርከሪያ ወደ ፊት መግፋት ነው። እኔ 150 ከመቶ ላይ አድርጌ ነው የምሠራው።

በጣም በሚያመኝ ቀን በእጄ አልጽፍም። ጉግል በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር ስለጨመረ፣ ቤቴ በጀርባዬ ተኝቼ ለስልኬ እየተናገርኩ ረቂቁን አስጽፈዋለሁ፤ በማግስቱ በላፕቶፑ አርማለሁ። ኔትወርክ ሲኖር ነው እንግዲህ። አራት ነጥቡንም ራሴው ነኝ የማስገባው፤ የወሎ አነጋገሬን ሁሉ አይረዳልኝምና አንዳንዴ ከጻፈው ነገር የተነሣ ብቻዬን እስቃለሁ።

ስለ ቤት ከተነሣ፣ ደሴ ቀዝቃዛ ከተማ ናትና ክረምት ላይ ላፕቶፑን ጭን ላይ አድርጎ ሙቀቱን መሞቅ ደስ ይላል። አታድርጉት። እናቶቻችን ከምድጃ ዳር ሲኖሩ ቅልጥማቸው ላይ የሚወጣውን የመረብ መልክ ያለው ጥቁርማ ምልክት የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ላፕቶፕም ጭን ላይ ሲውል ሲያድር ያንኑ ያመጣል። መደብ ላይ ተቀምጦ ጉልበት ላይ መጻፍም ለወገብ ከበርጩማ አይሻልም። እኔ መጀመሪያ መሶቡን ገልብጬ ላፕቶፑን አስቀመጥኩበት፤ ቁመቱ ያለ ልክ ከመስማማቱ የተነሣ ባለቤቴ እንጀራውን የት ላድርገው እስኪል ድረስ ሳምንት ሠራሁበት።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ዕቃ ሳይሆን ልክ ማወቅ ነበር። ሻል ባለኝ ቀን የቀረ ሥራ ሁሉ ልጨርስ ብዬ ሳልነሣ እውላለሁ፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን እተኛለሁ። አሁን ቢያመኝም ባያመኝም በየ25 ደቂቃው ስልኬ ይጠራል፤ ተነሥቼ እስከ መስኮቱ ሄጄ እመለሳለሁ። ምንም ያህል የተስተካከለ አቀማመጥ ቢሆን ሳይንቀሳቀሱ ከዋሉበት ያማል። የሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ «ይህቺ ደግሞ መቀመጥ አትወድም» ይሉ ነበር፤ ቁጭ ብሎ መዋል ትጋት፣ መነሣት ስንፍና ተደርጎ የሚቆጠርበት ቢሮ ውስጥ ለታማሚ ሰው ይህ ቀላል አነጋገር አይደለም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው አለ። ስለዚህም «የሥራ ላይ ደኅንነት» ሲባል የሚታሰበው የራስ መከላከያ ቆብ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ሲያዝ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን ሰው ለይቶ አላስቀረም። እኔ ከላፕቶፑ የተለየ ኪቦርድ እንዲሰጠኝ በጽሑፍ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ግን «ኪቦርድ ለዴስክቶፕ ብቻ ነው የሚፈቀደው» የሚል ነበር። በራሴ ገንዘብ ገዛሁት።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ የላፕቶፕ ግዥ ዝርዝር ሲዘጋጅ ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ አንድ የተለየ ኪቦርድ፣ አንድ ማውስና ስክሪኑ ከዓይን ትይዩ እንዲሆን ላፕቶፑ የሚቀመጥበት አንድ ከፍ ማድረጊያ በዚያው ሰነድ ላይ ይጻፍ። ሦስቱ ተደምረው ከላፕቶፑ ዋጋ አጠገብ የሚነሡ አይደሉም። ሠራተኛው ታሞ፣ ማስረጃ አምጥቶ፣ ለምኖ ከሚሰጠው ይልቅ ሳይታመም ቢያገኘው ለመሥሪያ ቤቱም ይረክሳል።

ግዥው እስኪደርስ ለሚያማቸው አንባቢዎች፣ ከፍ ማድረጊያውን ማንኛውም አናጺ ከቁርጥራጭ ጣውላ ይሠራዋል። ልኩ የሚወሰደው እንዲህ ነው፦ ጀርባዎን አስደግፈው ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ሌላ ሰው ከጠረጴዛው እስከ ዓይንዎ ያለውን ይለካ፤ ከዚያ ላይ የተከፈተው ላፕቶፕ ቁመት ይቀነስ። የእኔ 45 ሲሆን ላፕቶፑ 24 ስለሆነ ሣጥኑ 21 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ኪቦርዱ ታች ጠረጴዛው ላይ፣ ክርን ከጎን ተጠግቶ በሚታጠፍበት ከፍታ ይቀመጣል፤ እግሩ መሬት የማይደርስለት ሰው የወረቀት ካርቶን ከሥር ያድርግ። ለቅርብም ለሩቅም የሚሆን ባለ ሁለት መስታወት መነጽር የሚያደርጉ ግን ሣጥኑን ጥቂት ዝቅ ያሠሩት፤ አለዚያ በታችኛው መስታወት ለማንበብ አገጫቸውን ሲያነሡ አንገታቸው በሌላ በኩል ይታመማል።

ስሜ በጋዜጣው ላይ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የቢሮ ሠራተኛ፣ ከደሴ