ዝም ማለት እንደሚችል ማን ነገረው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ በስልክ ስርቆት ተጠርጥሮ ተያዘ። ባጃጅ ነው የሚያሽከረክረው። ቃሉን ሲቀበሉት «ካላመንክ እዚሁ ትከርማለህ፤ ካመንክ ዛሬውኑ ትወጣለህ» አሉት። ያላደረገውን አምኖ ፈረመ። ገና 20 ዓመቱ ነው፤ እናቱ እንዳትጨነቅበት ብሎ ነው።

ከሁሉም ያንገበገበኝ፣ ዝም ማለት እንደሚችል የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 እኮ ግልጽ ነው። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል። ያለመናገር መብት አለው። የሚሰጠው ቃል ፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም መስማት አለበት። በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ የመንገዱ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ተገዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም። ጠበቃና ዘመድ እንዲጠይቁት ደግሞ አንቀጽ 21 ይፈቅዳል።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግስ? አንቀጽ 31 መርማሪው ማስፈራራትም ሆነ ተስፋ መስጠት እንደማይችል ይናገራል። «ዛሬውኑ ትወጣለህ» ተስፋ መስጠት ካልሆነ ምንድን ነው?

ፖሊስን ለማጥላላት አይደለም የምጽፈው። እኔም ቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ነኝ፤ ሌባ እንዲያዝ እፈልጋለሁ። ግን ያላጠፋ ልጅ ሲያምን እውነተኛው ሌባ ገበያው ውስጥ ይዞራል።

አንድ ነገር እለምናለሁ። አንቀጽ 19 በትልልቅ ፊደል ታትሞ ከአራዳ እስከ አዘዞ በየምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችል መርማሪው ያንብብለት፣ ቃል ከመቀበሉ በፊት።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር