ለአባባ፣ ስለ ግራው ጎማ ሽፋን

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ጥርሷ ላይ ሽቦ አስራ መሳቅ ትታለች። ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱን ደፍኖ ትከሻዬ ሊደርስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኳስ፣ ማታ ደግሞ እኔ ጋ ጋራዥ ነው። በስልክ ብነግርዎት ይሻል ነበር፤ ግን ገና ሳልጀምር «በይ፣ ሒሳብሽ እንዳይቆጥር» ብለው ይዘጉብኛል። ሚጣ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። ሚጣ፣ እባክሽ ምንም ሳትዘዪ አንብቢላቸው።

የምሠራው አውሮፕላን አልቋል ማለት ይቻላል። ክንፉ ተገጥሟል፣ ሞተሩም ባለፈው ወር ተነሥቶ ደህና ሠርቷል። የቀረኝ እርስዎ «ፓራፋንጎ» ያሉት ነገር ነው፣ የጎማ ሽፋኑ። እርስዎ ደብረ ዘይት ዕድሜዎን የፈጁባቸው የሳፊርና የኤፍ-5 አውሮፕላኖች እግራቸውን ወደ ሆዳቸው የሚሰበስቡ ነበሩ። የኔው አርቪ-9ኤ ግን እግሩን እንደዘረጋ ነው የሚበረው፤ ባዶ ጎማ ደግሞ ነፋሱን እያመሰ ፍጥነቱን ይበላዋል። ለጭቃ መከላከያ አይደለም። እንዲያውም ጭቃ ውስጡ ከተጠቀጠቀ ጎማውን ስለሚይዘው፣ ጭቃማ ሜዳ ላይ የሚያርፉ ሰዎች ፈትተው ያስቀምጡታል።

ሽፋኑ ፋይበርግላስ ነው፤ የፊትና የኋላ ግማሽ ሆኖ ይመጣና በብሎን ይያያዛል። መጀመሪያ አውሮፕላኑን በክሪክ አንሥቼ ጎማዎቹን ከመሬት አላቀቅኋቸው። መሬት ላይ ሲቆም ክብደቱ እግሮቹን ይከፍታቸዋል፣ አየር ላይ ግን ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ የሚለካው እንደሚበር ሆኖ ተንጠልጥሎ ነው። በውሃ ልክ አስተካከልኩት። ከአፍንጫው መሐልና ከጭራው መሐል ቱንቢ ጣልኩ፣ ትንሹ እስትንፋሱን ውጦ ቱንቢው እስኪረጋ ያዘልኝ፣ ከዚያ በሲባጎና በቀይ ጠመኔ ወለሉ ላይ መሥመር መታን። የእያንዳንዱ ሽፋን ጫፍና ጭራ ከዚያ መሥመር እኩል መራቅ አለባቸው።

የቀኙ ልክ መጣ። የግራው ጭራ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ያየሁት ደግሞ የብሎኑን ቀዳዳ ሁሉ ከበሳሁ በኋላ ነው። እንዲህ ከቀረ እንደ ትንሽ መሪ ሆኖ አፍንጫውን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ መንገዱን ሙሉ በእግር ፔዳል ሲታገሉት መዋል ነው።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ያን 6 ሚሊ ሳይ የኩሽኔታ ጋሪዬ ትዝ አለኝ።

ኩሽኔታዎቹን ከሥራ ያመጡልኝ እርስዎ ነበሩ። ሳምንት ሙሉ ከጓሮ ለፍቼ ሠራሁት፤ ወደ ግራ ይጎትት ነበር፣ አውቃለሁ። እርስዎ አዩት፣ ምንም አላሉም። ጠዋት ስነሣ ጋሪው ተፈትቶ፣ አዲስ እንጨት ገብቶለት፣ ቀጥ ብሎ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «የአባቷ እጅ!» አለ። አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩበትም፤ ለወንድሜ ሰጠሁት። እርስዎ ለእማማ «ውለታ አታውቅም» ሲሏት ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቻለሁ። ለምን አልቀሰቀሱኝም አባባ? ፋኖሱን እይዝልዎት ነበር። እኔ የጠላሁት ማስተካከልዎን አይደለም። ተኝቼ ማለፉን ነው።

እዚህ አገር እቤት የተሠራ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው አብዛኛውን ክፍል ሠሪው ራሱ፣ ለራሱ ትምህርት ወይም መዝናኛ ብሎ ከሠራው ነው። ያን ደንብ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን አለቀስኩ። ባለቤቴ ምን ሆንሽ ቢለኝ መልስ አልነበረኝም።

መሣሪያ አያያዝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህንንም አልረሳሁም።

አሁን ወደ ዓይንዎ ልምጣ። በጥር 2016 ጣሊያን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ያስረከበች ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ፤ በ1928 አዲስ አበባ ውስጥ እንደተሠራች፣ ጣሊያን እንደወሰዳት፣ ሁሉንም። ከዚያ «ጎማዋ ሽፋን አለው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ነበር እኮ። ካሜራው አላሳየ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ያን ቀን መጠየቅ ነበረብኝ። ሚጣ ባለፈው ሳምንት ረከቦቱን በግራ እግርዎ እንደመቱት ስትነግረኝ ነው የገባኝ። ለጎረቤት «ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» ይላሉ አሉ። ሞራ አይደለም አባባ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሎዎታል፤ ግፊቱ የወሰደው አይመለስም፣ የቀረውን የሚያቆየው ጠብታው ነው። ደህና ነኝ ብለው ቢተዉት ሳያሳምምዎ ይወስደዋል። ሦስት ጠርሙስ በሰው እጅ ልኬያለሁ። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ማታ ማታ አንድ ጠብታ፣ ሚጣ ታድርግልዎ። ቀጠሮው ሰኞ ነው። ብቻዎን በታክሲ እንዳይሄዱ።

የግራውን ሽፋን ፈትቼዋለሁ። የድሮውን ቀዳዳ በኤፖክሲ ደፍኜ እንደገና ልበሳው ነው፣ ራሴ። አልደብቅዎትም፣ አንድ ሌሊት «ይቅር፣ ማንም አያየውም» ብዬ ነበር። አልሆነልኝም።

ቪዛዎ እስከ መስከረም ይሠራል። የመጀመሪያውን በረራ ያለ ሽፋኖቹ ነው የማደርገው፤ ጎማውና ፍሬኑ እንዲታይ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ስለዚህ ለሽፋኑ ጊዜ አለን። ስቱኮ ተቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈጋ ወጣ ገባው በዓይን አይገኝም፣ በመዳፍ ነው። እርስዎ ሃንጋር ውስጥ ዓይንዎን ጨፍነው ቆርቆሮውን ሲዳስሱ አይቼ ነው እኔም የለመድኩት። ግራውን ሳልቀባ አቆይልዎታለሁ። እርስዎ ይዳስሱልኝ፣ የጎደለበትን ይንገሩኝ፤ እኔ እፈጋለሁ። ሌሊት ግን እንዳይነኩት።

ትንሹ «አያቴ ቱንቢ እንዴት ነው የሚይዙት?» እያለኝ ነው። ሰኞ ከሐኪም ሲመለሱ ይደውሉልኝ፤ ሒሳቡ አይቆጥርም።

ልጅዎ