ለጋሼ ባለበቅሎው እና ለሁላችሁም

ጣቶቼ ስልክ መያዝ ጀምረዋል፣ ስለዚህ ልጻፍ። ራስ ዳሸን ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በረዶ ጣለ፣ እኔ ደነዘዝኩ፣ ተሸክመው አወረዱኝ። አልደግመውም።

መጀመሪያ ጋሼ ባለበቅሎው። ስማቸውን ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን «ስሜን እዚያ ስልካችሁ ላይ እንዳትለጥፊው» ብለውኛል። ጋሼ፣ ጠዋት ሰማዩን አይተው «ዛሬ ይቅርባችሁ» ሲሉን ከሁሉም በላይ የተከራከርኩዎት እኔ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቼማ አልመለስም ብዬ። ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን የሸመደድነው ተራራ አሁን 4,550 ነው ይባላል፣ የቀነሰችው 70 ሜትር ለእኔ ምንም አልፈየደችም።

መንቀጥቀጤ ሲቆም ተሻለኝ ብዬ ነበር። ጓደኞቼም «ተመስገን፣ ሞቃት» አሉ። ፊቴን አይተው «ብርዱ ሲተውሽ ነው ክፉው!» ብለው የጮሁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሐኪሟም በኋላ ያንኑ ነው የነገረችኝ። ወዲያው ሴቶቹ ከልለውኝ የራሰውን ጂንስ አወለቁልኝ (አዎ፣ ጂንስ ለብሼ ነው የወጣሁት፣ አትስደቡኝ)። ጋሼ ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈው ጠቀለሉኝ፣ እጆቼን በቅሎዋ ኮርቻ ስር ወሸቁልኝ። የዚያች በቅሎ ጀርባ ሙቀት... እዚህ ስደርስ ሁሌ እንባዬ ይመጣል፣ ይቅርታ። እሳቸው እኮ በስስ ኮት ብቻ ነው የወረዱት! እንቅልፍ እንዳይወስደኝ መንገዱን ሙሉ የዘመዶቼን ስም ያስቆጥሩኝ ነበር፣ የአያቴ ስም ሲጠፋኝ ተቆጡኝ። ኋላ ገንዘብ ላስጨብጣቸው ብል «ለበቅሎዋ ገብስ ግዢላት» አሉ። ገዝቻለሁ።

ደግሞ ታች መንደር ቤታቸውን የከፈቱልን እናት። ሙቅ በሶ በስኳር እያጠጡኝ፣ ያላቸውን ማገዶ በአንድ ሌሊት ለእኔ አነደዱት። ዛፍ በሌለበት በዚያ ከፍታ ማገዶ ከየት እንደሚለቀም ያየ ሰው ምን እንደሰጡኝ ይገባዋል።

ስካውታችን (አብሮን የወጣው የፓርኩ ጠባቂ)፣ ምግብ አብሳያችን፣ የቧሂትን ተራራ ስንሻገር ደግፋችሁ ያሳለፋችሁኝ ልጆች፣ ሾፌራችን፣ ደባርቅ ያያችሁኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጓደኞቼ፣ እናንተን በአካል አመሰግናለሁ፣ ጓንቴን የወሰደው ግን ይመልስ። ሳልጠቅሰው የቀረሁት ሰው ካለ በእግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የዚያን ቀን ግማሹን አላስታውሰውም።

ጋሼ፣ ጋቢዎ እኔ ጋ ነው። ታጥቧል። ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሰው ልልከው ነበር፣ ተውኩት። ለጥምቀት ጎንደር ስመጣ ራሴ አደርስልዎታለሁ። ለእማዬ ግን ገና አልነገርኳትም፣ ይህን የምታነቡ አክስቶቼ አደራ።