የትራኪዮስቶሚ ሥልጠና ከተረኛው ነርስ ይጀምር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በትራኪዮስቶሚ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በገባለት ቱቦ የሚተነፍስ ሕመምተኛ ቱቦው በአክታ ከተደፈነ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በሌሊት በዚያች ሰዓት አጠገቡ የሚደርሰው ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ሳይሆን የዋርዱ ተረኛ ነርስ ነው። ሥልጠናው ከእሱ ይጀምር እንላለን፤ ያውም በአዳራሽ ንግግር ሳይሆን በማስተማሪያ አሻንጉሊት ላይ፣ እጅ እስኪለምደው ድረስ።

በድንጋጤ የሚሠራው ከባዱ ስሕተት አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚነፋ ከረጢት) ገጥሞ በኃይል መጫን ነው። ቱቦው ከመተንፈሻ ቧንቧው ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከሆነ የሚነፋው አየር ከቆዳ ሥር ገብቶ አንገትና ደረትን ያሳብጣል፤ ከዚያ በኋላ መተንፈሻውን ማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያ እርዳታ ይጠራ፤ ኦክስጅን በፊትም በአንገትም ይሰጥ። የንግግር ቫልቭ (ሕመምተኛው እንዲናገር ቱቦው ላይ የሚገጠም፣ አየር አስገብቶ በቱቦው መልሶ የማያስወጣ መክደኛ) ወይም ክዳን ካለ ይነሳ፣ ከዚያ በዋናው ቱቦ ውስጥ የተሰካው ውስጠኛው ቱቦ ይውጣ። ብዙውን ድፍን የሚከፍተው ይህ ቀላል እርምጃ ነው፤ የሚዘነጋውም እሱ ነው። ቀጥሎ የሳክሽን ካቴተር (አክታ የሚሳብበት ቀጭን ቱቦ) ይግባ። ካለፈ አክታው ይሳብ። ካላለፈ በመተንፈሻ ቧንቧው ውስጥ ቱቦውን ከብቦ የሚነፋው የፊኛው አየር በሲሪንጅ ይሳብ፤ አሁንም ለውጥ ከሌለ ቱቦው ራሱ ይውጣ። ነርሶች ይህን የመጨረሻውን ይፈራሉ፤ ነገር ግን አየር የማያሳልፍ ቱቦ ለሕመምተኛው አይጠቅመውም።

ቀዳዳው ከተከፈተ 7 እስከ 10 ቀን ካልሞላው መንገዱ ገና አልጸናም። የወጣን ቱቦ በጭፍን መልሶ መክተት አደገኛ ስለሆነ ኦክስጅኑ በአፍ በኩል ይሰጥ። ማንቁርቱ የወጣለት ሰው ግን በአፉ ፈጽሞ አይተነፍስም፤ ለእሱ ያለው መንገድ የአንገቱ ቀዳዳ ብቻ ነው። ይህን ለመለየት በብሪታንያ ከአልጋው ራስጌ አረንጓዴና ቀይ ምልክት ይለጠፋል፤ ቀዩ ማንቁርት ለሌለው ነው። ልንወርሰው የሚገባ አሠራር ነው።

የዕለት እንክብካቤውም ልክ አለው። የካቴተሩ ውፍረት ከቱቦው ውስጣዊ ስፋት ግማሽ አይብለጥ፤ ለ8 ቁጥር ቱቦ 12 ፍሬንች (የካቴተር ውፍረት መለኪያ) ይበቃል። ሳክሽኑ ካቴተሩ ሲወጣ ብቻ ይከፈት፣ ከ15 ሰከንድም አይለፍ። የፊኛው ግፊት በመለኪያ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሁን፤ በጣት መጭመቅ መለካት አይደለም። ሲበዛ የቧንቧውን ግድግዳ ደም ነሥቶ ያቆስላል፣ ኋላም ያጠብበዋል፤ ሲያንስ ምራቅ ወደ ሳንባ ይወርዳል። በአፍንጫ ያላለፈ አየር ደረቅ ስለሆነ እርጥበት ካልተሰጠው አክታው ይጋገራል። ድፍኑም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የንግግር ቫልቭ ደግሞ ፊኛው እንደተነፋ ከተገጠመ አየር ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ሕመምተኛው ይታፈናል።

የሆስፒታሎች የሥልጠና ክፍሎች ፈተናውን በወረቀት ብቻ አያድርጉት። ተረኛው ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ትርፍ ቱቦዎቹን፣ አንዱን በዚያው ቁጥር፣ አንዱን አንድ ቁጥር ያነሰ፣ እንዲሁም ሲሪንጁንና የሚሠራውን ሳክሽን በእጁ ነክቶ ያሳይ። ፈረቃ በተቀየረ ቁጥርም ይህንኑ ይድገም።

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለሙያዎች