በቀብድ ስለተያዘው ሚኒቫን የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ለመኪና መሸጫ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ መረጃ የመረጥኩት መኪና እንዲለወጥልኝ ወይም ቀብዴ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በግቢያችሁ የቆሙትን ሁለት ቶዮታ ሲዬና ሚኒቫኖች፣ ማለትም በፈረንጆች የ2017 ሞዴል የሆነውንና አዲሱን ቅርጽ የያዘውን የ2021 ሞዴል፣ ከወንድሜ ጋር ሆነን ካየን በኋላ ለአዲሱ 300,000 ብር ቀብድ መክፈሌ ይታወሳል።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። አሮጌው ባለ 3.5 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ሲሆን አዲሱ 2.5 ሊትር ሞተር ከባትሪ ጋር ያጣመረ ሃይብሪድ ብቻ ሆኖ የተሠራ ነው። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ አሮጌው በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ9 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ፣ አዲሱ ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ የከተማችንን የማደያ ሰልፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ የዋዛ ልዩነት አይደለም። ያም ሆኖ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የመካከለኛው ረድፍ ወንበር ነበር። እናቴ የሚንቀሳቀሱት በማይታጠፍ ዊልቸር ስለሆነ፣ ለሕክምና አዲስ አበባ በወሰድናቸው ቁጥር ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው ዊልቸሩ የሚቆምበት ቦታ የሚገኘው አንዱ የመካከለኛ ወንበር ሲወጣ ብቻ ነው። ይህንንም ገና ከበሩ ስንገባ ለሽያጭ ሠራተኛችሁ ነግሬዋለሁ።

ሠራተኛው የአሮጌውን ወንበር ማንሻ ስቦ፣ ከጥበቃው ጋር ተጋግዘው አውጥተው ዛፉ ሥር አስቀመጡት፤ ዊልቸሩንም እኔው ራሴ ገፍቼ አስገብቼ እንደሚበቃው አረጋገጥኩ። «አዲሱስ?» ብዬ ስጠይቀው «ያው ነው፣ እንዲያውም ይቀላል» ካለኝ በኋላ፣ የወንበሩ ፕላስቲክ ስላልተገፈፈ እንዳይቀደድ በማለት ሳያሳየኝ ቀረ። እኔም አምኜው ከፈልኩ፤ ሳላይ መክፈሌ የእኔ ስንፍና መሆኑን አልክድም።

ከሦስት ቀን በኋላ መካኒክ ይዘን ስንመለስ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ከመንሸራተት በቀር የሚወጣ ሆኖ አልተገኘም። መካኒኩ በባትሪ መብራት ከሥሩ አይቶ በብሎን የታሰረውን ሐዲድና ወደ ወንበሩ የሚገባውን ቢጫ ሶኬት አሳየኝ። ቢጫው የኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ተሳፋሪውን የሚከላከለው የአየር ከረጢት፣ የሽቦ መስመር ነው። በአዲሱ ሞዴል የጎን ኤርባጉ ከወንበሩ ጋር አብሮ ስለተሠራ ወንበሩ እንዲወጣ ተደርጎ አልተሠራም፤ ይህ የመኪናው ጉድለት ሳይሆን ለደኅንነት ታስቦ የተደረገ ነው። ጉድለቱ ይህን ማወቅ የነበረበት ሻጭ ተቃራኒውን መናገሩ ነው። ሠራተኛችሁ ይባስ ብሎ «ብሎኑን ፈትተን ሽቦውን እንቆርጠዋለን» የሚል መፍትሔ አቀረበ። ልጆቼን የማሳፍርበትን መኪና ኤርባግ ቆርጦ የሚያስረክበኝን ሰው ምን ብዬ እንደምመልስለት ቸግሮኝ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቢሯችሁ ተመላልሼ ያገኘሁት መልስ «ቀብድ አይመለስም» የሚል ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ አውቃለሁ። እኔ ግን ሐሳቤን ቀይሬ አልተውኩም፤ የተነገረኝና ያገኘሁት ዕቃ ስለተለያዩ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ሌላ አስመጥቼ የምተካበት መንገድም የለኝም፤ ምርጫዬ አገር ውስጥ ባሉት ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ የ2017 ሞዴሉ ካልተሸጠ በዕለቱ በተነገረኝ ዋጋ እንዲሰጠኝና የከፈልኩት ቀብድ ለእርሱ እንዲታሰብልኝ፣ ተሸጦ ከሆነም 300,000 ብሩ ሳይቀነስ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት የማቀርብ መሆኔን አስታውቃለሁ። የቀብድ ደረሰኙን ቅጂና መካኒኩ ያነሳውን የሶኬቱን ፎቶግራፍ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች