ጉንዳ ጉንዶን የዳኛችሁት በከሳሾቿ ቃል ብቻ ነው

ይድረስ ለዋና አዘጋጁ፣

የፍልሰታን ጾም ምክንያት በማድረግ፣ ክርስቲያኖች ስለ እመቤታችን ስላላቸው ልዩነት ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አነበብሁ። በ431 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለተደረገው የኤፌሶን ጉባኤና እመቤታችንን ወላዲተ አምላክ አልልም በማለቱ በዚያ ስለተወገዘው ስለ ንስጥሮስ በተጻፈው ላይ የምነቅፈው የለኝም። ወደ አገራችን ስትመጡ ግን ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ ማለትም በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የነበሩትን መነኮሳት፣ «ማርያምን የካዱ፣ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ጴንጤዎች» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሸኝታችኋቸዋል። ጸሐፊው የእነዚህ መነኮሳት ገዳም በማን ስም እንደሚጠራ በምሥራቅ ትግራይ ካለችው ከአጋሜ አንድ ሰው ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ዓረፍተ ነገር ራሱ ይሰርዘው ነበር። ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ገደላማ አገር ያለው የአባ እስጢፋኖስ ልጆች ገዳም ጉንዳ ጉንዶ ማርያም ነው።

አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ማለታቸውን አልደብቅም። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ለእመቤታችን የጸጋ ስግደት (የአምልኮ ሳይሆን የአክብሮት ስግደት) እሰግዳለሁ፣ አማላጅነቷንም አምናለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ሆኖም ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ይገባል ብሎ የተከራከረ መነኩሴ ወላዲተ አምላክን ካደ ማለት ፈጽሞ ሌላ ክስ ነው። «ጸረ ማርያም» የሚለውን ስም የለጠፉባቸው ባላንጣዎቻቸው ናቸው፤ እናንተም ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላ የከሳሹን ቃል አንሥታችሁ እንደ ተረጋገጠ ፍርድ አተማችሁት።

ከዘገባችሁ የወጣው ነገር ደግሞ ከገባው ይበልጣል። እነዚህ መነኮሳት ለንጉሥም አንሰግድም ብለው ነበር። ከ1434 እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን ሠላሳ ሦስቱ በዓላት በመላ አገሪቱ እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያዘዘ ንጉሥ ነው። የእርሱን ሥርዐት አልቀበልም ያለ በአንድ ጊዜ በመናፍቅነትም በዐመፀኝነትም ይከሰስ ስለነበር የሃይማኖቱን ክርክር ከዙፋኑ ጉዳይ መለየት አይቻልም። የንጉሡ የራሱ ዜና መዋዕል የእነዚህ መነኮሳት አፍንጫና ምላስ እንደ ተቆረጠ፣ በድንጋይም እንደ ተወገሩ ይናገራል፤ አባ እስጢፋኖስም ያረፉት በእስር ነው። ሙሉ ገጽ የተሰጠው ዘገባ ይህን ለመጥቀስ ሁለት መስመር አጣ?

«ጴንጤዎች» ማለታችሁ ደግሞ የዘመን ቅደም ተከተልን እንኳ አለመመልከት ነው። የፕሮቴስታንት እምነት መነሻ የሆነው ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር በ1517 (እ.ኤ.አ.) ተቃውሞውን ሲያሰማ አባ እስጢፋኖስ ካረፉ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ደቂቀ እስጢፋኖስ በገዳም ሥርዐት የጸኑ፣ የሚጾሙ፣ በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ፣ ቅዳሴና ቍርባን ያላቸው መነኮሳት ነበሩ፤ ሉተር ግን ምንኵስናን ትቶ ሚስት ያገባ ሰው ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር የተበደልነው እኛ ብቻም አይደለንም። ሉተር ራሱ በ1521 የእመቤታችንን የምስጋና ጸሎት በክብር ተርጕሟል፤ ወንጌላውያን ወገኖቻችንም ጌታ ከድንግል መወለዱን ያምናሉ፤ ከእኛ የሚለዩት በአማላጅነትና በስግደት ጉዳይ ነው። «ካዱ» የምትለዋን ቃል በሁለቱም ላይ መወርወር የሚያናክስ እንጂ የሚያስረዳ ጋዜጠኝነት አይደለም።

ነገሩን አለመጠን ያከበድሁት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ከእናቴ ጋር አንድ ቀን ይዋል። እናቴ ወር በገባ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር የምትጠጣ፣ ፍልሰታን በውኃና በጥሬ የምትጾም ሴት ናት። ዘገባው በወጣ ሰሞን፣ አብራት ጽዋ ስትጠጣ የኖረች ጎረቤት በሰው ፊት «እናንተ የጉንዳ ጉንዶዎች ድሮ ማርያምን አትወዱም ነበር አሉ» አለቻት። እናቴ መልስ አልሰጠቻትም፤ እቤት ገብታ ግን ስታለቅስ አገኘኋት። እኔም በተማሪነቴ ይህንኑ ስድብ ከአንድ መምህር አፍ ሰምቼ፣ የምመልሰው ጠፍቶኝ አንገቴን ደፍቼ ወጥቻለሁ። ዛሬ የምመልሰው አለኝ፤ ዝም የምልበት ምክንያትም የለም።

ማስረጃ አልተገኘም እንዳትሉ፣ መነኮሳቱ ስለ ራሳቸው የጻፉትን ገድል ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው አሳትመውታል። ጸሐፊያችሁ ስለ ሮም፣ ስለ ቍስጥንጥንያና ስለ ጀርመን ሲጽፍ የሁለቱንም ወገን ቃል በጥንቃቄ አስቀምጧል። ለገዛ አገሩ መነኮሳት ሲሆን ግን ከገድላቸው አንዲት መስመር አልጠቀሰም፤ ከገዳሙም አንድ አባት አላነጋገረም።

ስለዚህ ማረሚያው በሚቀጥለው እትም፣ ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽና በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ እጠይቃለሁ። በማረሚያውም ደቂቀ እስጢፋኖስ የተከሰሱበት ነገርና እነርሱ ራሳቸው የመለሱት ቃል ተለይተው ይጻፉ።

የአጋሜ ተወላጅ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ