የንባብና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን መደበኛ ሥራ ሳይቋረጥ ዓመቱን ጨርሷል። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበናል፣ መጻሕፍት ተዋውሰናል፣ በሚኒ ሚዲያው ግጥምና አጭር ልቦለድ አቅርበናል። የንባብ ለዛ ያላቸው ልጆች እነማን እንደሆኑ ትምህርት ቤቱ ያውቃቸዋል። በኢንተርኔት ስላካሄድነው የደራሲ ውይይት ግን ሰፋ አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ “ይህ ለፈተና ምን ይጠቅማል?” ያሉኝ ወላጆች አሉና።

እንግዳችን ኑሯቸው በውጭ አገር የሆነ፣ ለልጆች የሚጽፉ ኢትዮጵያዊት ደራሲ ናቸው። ርዕሳቸው የአፍሪካ አፈ ታሪክና የቤተሰብ እሴት ነበር። ገና “ተረት ተረት” ሲሉ አዳራሹ በአንድ ድምፅ “የላም በረት” አለ። በጋና የአካን ሕዝብ ዘንድ ከሚነገረው ከሸረሪቱ አናንሲ ጀመሩ። ስድስቱ ልጆቹ እያንዳንዳቸው በየችሎታቸው ተረዳድተው አባታቸውን ከሞት ያድኑታል። አናንሲም ያገኘውን የብርሃን ኳስ ለአዳኙ ልጅ ልሸልም ቢል ከስድስቱ መምረጥ ያቅተዋል። ክርክሩ ስላላለቀ የሰማዩ አምላክ ኒያሜ ብርሃኑን ወደ ላይ ወስዶ ጨረቃ አደረገው። የእኛም ልጆች “ለማን ይገባ ነበር?” በሚለው ላይ ክፉኛ ተከራከሩ።

ቀጥሎ የመጣው በምሥራቅ ኮንጎ የኒያንጋ ሕዝብ የሚያወሳው የሙዊንዶ ታሪክ ነው። አባቱ ንጉሥ ሼሙዊንዶ ሴት ልጆች ጥሎሽ ያስገኛሉ ብሎ ሚስቶቹ ወንድ እንዳይወልዱ ያውጃል። ሙዊንዶ ግን ወንድ ሆኖ ተወለደ፤ ያውም እየተናገረና እየተራመደ። አባቱ ከበሮ ውስጥ አሽጎ ወንዝ ላይ አስጣለው። ልጁ ከዚያ አምልጦ የአባቱን እህት ኢያንጉራን ያገኛል። በመጨረሻ አባትና ልጅ በጉባኤ ፊት ሲታረቁ፣ ወንድሟን በልጆቹ መካከል በማዳላቱ የወቀሰችው እርሷ ነበረች።

ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጁን አነሣ። በክፍል ውስጥ ተጠርቶ እንኳ ቀና ብሎ የማይናገር ልጅ ነው። ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ “የንጉሡ እህት አይደለችም እንዴ? ለምን ከወንድሟ ጋር አልሆነችም?” ብሎ ጠየቀ። ደራሲዋ ጥቂት አሰቡና፣ “ወንድሟን ስለምትወደው ነው ጥፋቱን ፊት ለፊት የነገረችው። ልጁንም ስለምትወደው ነው ከአባቱ ጋር ያስታረቀችው” አሉት። እርሱም “እኔንም ያሳደገችኝ አክስቴ ናት” አለና ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ትከሻውን ያዝ አደረገው። በሳምንቱ ስለ አክስቱ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎ አመጣ፤ ፈቃዷን ጠይቆም በሚኒ ሚዲያው ራሱ አነበበው። ለፈተና ምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይኸው ነው።

ስለ አማልክት መነገሩ ያሳሰባቸው ወላጆችም ነበሩ። ስጋታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን እነዚህን ታሪኮች ያነበብናቸው እንደ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ የግሪክን አማልክት ታሪክ በየመጽሐፉ የሚያነብ ተማሪ የአካንንና የኒያንጋን ቢያውቅ እምነቱ አይነካበትም። ቀጣዩን ዝግጅት መጥተው አብረውን እንዲከታተሉ እጋብዛለሁ።

የጎደለንም አለ። ኢንተርኔቱ በውይይቱ መሐል ተቋርጦ በእጅ ስልክ መቀጠል ግድ ሆኗል። የጥንቱን የማሊ መንግሥት ከመሠረተው ከሱንዲያታ ታሪክም፣ ሽባ የነበረው ልጅ ሱንዲያታ ለተሰደበች እናቱ ሲል ተነሥቶ የቆመበት ክፍል እንደተጀመረ ቀረ። ድምፅ ማጉያውን የተዋስነው ከስፖርት ክበብ ነው። ለኳስና ለመረብ በጀት የሚገኝበት ትምህርት ቤት ለአንድ ድምፅ ማጉያ የሚያጣ አይመስለኝም፤ የክበቡ ጥያቄም ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ቀርቧል።

ደራሲዋ ያለ ክፍያ ተመልሰው ሊመጡና ሱንዲያታን ሊጨርሱልን ቃል ገብተዋል። በመጪው ዓመት ተማሪዎቻችን የአያቶቻቸውንና የአክስቶቻቸውን ተረት በድምፅ ቀድተው በቤተ መጻሕፍቱ ለማስቀመጥ አቅደዋል። የማይጠቀሙበት የድምፅ መቅጃ ያላችሁ፣ ወይም ተረት የሚያውቁ አረጋዊ በቤታችሁ ያሉ ወላጆች፣ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል አሳውቁን።